በሴንት ኤትየን የተሰማው ዝምታ

ዘመናት ለእኛ መጋረጃ ናቸው፤ ለፈጠራቸው ግን እንደ ተዘረጋ ብራና ግልጥ ናቸው። ገና ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚያይ እርሱ፣ ይህ ታሪክ የሚሆንበትን ዓመት ያውቃል። እኛ የምናውቀው ቀኑ የጨዋታ ቀን እንደ ነበረ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን መርዓዊ ተሰማ ከፓሪስ በተነሣው ባቡር ወደ ሴንት ኤትየን ገባ። በቀዳሜ ሰማዕት በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የምትጠራው ይህች የፈረንሳይ ከተማ ጥንት የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ነበር። ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ብዙ ትውልድ አልፏል። ጨዋታ ሲኖር ግን ሕዝቧ ዛሬም፣ አባቶቹ ተሰብስበው ወደ ማዕድኑ ይወርዱ እንደ ነበረ፣ አረንጓዴ ለብሶ ወደ ስታዲየም ይጎርፋል። በየመስኮቱ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ዳቦ ሻጩ እንኳ ዳቦውን በአረንጓዴ ወረቀት ይጠቀልላል። ወደ ስታዲየም በሚወስደው ትራም ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ በአንገቱ ላይ ቀጭን ጥብጣብ አስሯል። አፉን የከፈተ አንድም ሰው የለም፤ የትራሙ ጣሪያ ግን በመዝሙር ይናወጣል።

ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ጥብጣቡ «አስተጋቢ» ከሚሉት መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሊዘምር ባሰበ ጊዜ፣ ድምፁ ሳይወጣ ጉሮሮው በስውር ይንቀሳቀሳል፤ ጥብጣቡ ያንን እንቅስቃሴ ይለቅማል፤ አስተጋቢውም አሳምሮ በድምፅ ማጉያ ያሰማዋል። እንግዳ ሰው በአገሩ ቋንቋ ቢያስብ እንኳ በፈረንሳይኛ ይተረጉምለታል። በዚህም የተነሣ ጉሮሮው የሚዘጋ፣ ከዜማም የሚወጣ ደጋፊ ከጠፋ ቆይቷል።

አስተጋቢውን የሠራው መርዓዊ ነው።

«ኢንጂነር» አለው አጠገቡ የቆመው ማርሴል የተባለ አረጋዊ ደጋፊ፤ «ባለፈው ጨዋታ የሰጡኝ ድምፅ የማን ነው? ሚስቴ ሰምታ ሌላ ባል ያገባች መሰላት።»

«ካልተስማማዎት የቀድሞውን እመልስልዎታለሁ።»

«ይቆይ፤ እርሷ ወዳዋለች።» ማርሴል ሳቀና ወዲያው ሳቁን ገታ። «ዛሬ ግን የሬኔ ቀን ነው። ሬኔ ቢሰማኝ ኖሮ በዚህ ድምፅ ይሰድበኝ ነበር።»

ሙሴ ሬኔ፣ ሙሴ በፈረንሳይ አቶ ማለት ነውና፣ በስታዲየሙ የሰሜኑን የደጋፊዎች መደዳ መዝሙር ዕድሜውን ሙሉ በገዛ ጉሮሮው የመራ ሰው ነበረ። ጥብጣብ አላስርም እንዳለ ሞተ። በደጋፊዎች ስብሰባ ሁሉ ተነሥቶ «ይህ ዕቃ ይውጣልን» ይል ነበር፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ መርዓዊን ወደ ቤቱ ወስዶ ሾርባ ያቀርብለት ነበር። መርዓዊም ሾርባውን እየጠጣ «ወዳጄ» ይለው ነበር።

በስታዲየሙ በር የሬኔ ባልቴት ማዳም ኦዴት የባሏን አሮጌ ሻርፕ ደርባ ጠበቀችው። ጨዋታው ሳይጀመር ሕዝቡ ለሬኔ አንድ ደቂቃ በዝምታ ሊቆም ነው፤ እርሷም በሜዳው መካከል ልትቆም ተጠርታለች።

«ሙሴ መርዓዊ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችው። «ለዚያች ደቂቃ ብቻ መሣሪያዎን ይዝጉልኝ። ሬኔ አይወደውም ነበር።»

«እዘጋዋለሁ፤ እንዲያውም በልቤ እጸልይለታለሁ። በልጅነቴ ዜማ ቤት የተማርሁ ነኝ፤ ጸሎት አላጣም።»

ባልቴቲቱ እጁን ያዘችው። እርሱም እንደ ልማዱ ጥብጣብ አውጥቶ በአንገቷ ላይ አሰረላት። ጥቂት አመነታች፤ እርሱን ላለማሳፈር ግን አልፈታችውም።

መርዓዊ ወደ መሣሪያው ክፍል ሲወጣ ከሌሎች ከተሞች የመጡ ታዛቢዎች ተቀምጠው አገኛቸው። አስተጋቢውን በየስታዲየማቸው ለመትከል ወይም ለመተው የሚወስኑት በዛሬው ጨዋታ ነው። አንድ ጊዜ ከተዘጋ ደግሞ ዳግመኛ እስኪነሣ ጥቂት ይዘገያል፤ ኳሱ ሲመታ ሊያስተጋባ የሚገባው የአርባ ሺህ ሕዝብ ድምፅ ሊቀር ነው። መርዓዊ እጁን ወደ መዝጊያው ሰደደና መለሰ። ሕዝቡ ካልዘመረ መሣሪያው ምን ያሰማል? ዝም ይላል፤ ባልቴቲቱም አታውቅም። ይህን ብሎ ተወው።

ነገር ግን የገዛ ሥራውን ዘንግቶ ነበር። አስተጋቢውን ሲሠራ ሥርዓቱን የወሰደው ከዜማ ቤት ነው። በዚያ ቀኝና ግራ ትይዩ ቆመው ይዘምራሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ቀኙ ሲያርፍ ግራው ያነሣል፤ ዜማው መካከል ላይ ወድቆ አይቀርም። መርዓዊም የሰሜኑን መደዳ ቀኝ፣ የደቡቡን ግራ አደረገ፤ የራሱንም ጥብጣብ መሪ አድርጎ ከሁሉ በላይ እንዲሰማ ሠራው። «አንዱ ወገን ዝም ባለ ጊዜ የሚቀበለውን ፈልግ» ብሎ መሣሪያውን አዘዘው። ሁለቱም ወገኖች አብረው ዝም የሚሉበት ጊዜ ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ እርሱ ባደገበት ማኅሌት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረምና።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አርባ ሺህ ሰው ተነሥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ።

አስተጋቢው በሰሜን መዝሙር ፈለገ፤ አጣ። በደቡብ ፈለገ፤ አጣ። እንደ ታዘዘው መፈለጉን ባለመተው ሌላ ጊዜ የሚያጠልለውን፣ በየጉሮሮው የሚመላለሰውን ያልተነገረ ቃል ሁሉ ለቀመ። ከማጉያዎቹም ጫጫታ መጣ።

«ጉልበቴን አመመኝ።» «ይህ ሰውዬ ማን ነበር?» «ምነው ረዘመ።» «እኔ ስሞት ማን ይቆምልኛል?» «ከእንግዲህስ ያለ ሳል እንቅልፌን እተኛለሁ።»

ሰዎች ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ፤ ወዲያውም ዓይናቸውን አሸሹ። በዚያ ቅጽበት መርዓዊ ዓይኑን ጨፍኖ የገባውን ቃል ይፈጽም ነበር። ከሁሉ የበለጠው ድምፅ በፈረንሳይኛ ተነሣ፦ «በሰማያት የምትኖር አባታችን ሆይ፣ ስምህ ይቀደስ፤ መንግሥትህ ትምጣ።» ሕዝቡ ጸሎቱን አደመጠ። ድምፁ ሳያርፍ ቀጠለ፦ «እንኳን ሞተ። ተገላገልሁት። ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ ማን ይቃወመኛል?»

መርዓዊ ዓይኑን ገለጠ። ንግግሩ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ታዛቢዎቹም አላስፈለጋቸውም። መዝጊያውን በጡጫ መታው። ያን ጊዜ እውነተኛው ዝምታ ወረደ።

ደረጃውን እንዴት እንደ ወረደ አላወቀም። ሣሩ ላይ ሲደርስ ማዳም ኦዴት ጨዋታውን እንድትከፍት የተሰጣትን ኳስ ታቅፋ ቆማ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ» አላት።

«ቅድም የልብዎን ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ የአፍዎን እሰማለሁ። የትኛውን ልመን?»

መርዓዊ ዓይኑን ወደ ሣሩ ጣለ። ከአፈሩ በታች፣ በአሮጌው የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሊሰወር ተመኘ።

«ከሬኔ ሳል ስለ መገላገሏና ስለ እንቅልፏ ያሰበችው ሴት እኔ ነበርሁ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አርባ ዓመት አብሬው የኖርሁ ሚስቱ። ይህን አንድ ደቂቃ እንኳ ከሰው ሰውሬ ልይዘው አልተዉልኝም።» ከዚያም ጥብጣቡን ፈትታ በመዳፉ ላይ አኖረችው። «ጸሎቱን ግን አልጨረሱትም።»

መርዓዊም የራሱን ጥብጣብ ፈታ። ኮፍያውን አውልቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ካቆመበት በግዕዝ ቀጠለ። ማጉያ አልነበረምና ከባልቴቲቱ በቀር የሚሰማው አልነበረም። «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ላይ ሲደርስ፣ በደላችንን ይቅር በለን ማለት ነውና፣ ድምፁ ተሰበረ፤ እንደምንም ጨረሰው።

ጨዋታው ያለ አስተጋቢ ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ የኳሱ መመታትና የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ሕዝቡ መዝሙሩን በአፉ ማውጣት ረስቶታል፤ ደግሞም አፍሯል። በኋላ ከሰሜን በኩል አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ተነሣ፤ ከዜማ የወጣ፣ የሚያሳዝን ድምፅ። ማርሴል ነበር። አጠገቡ ያሉት ሳቁበት፤ ከዚያም አገዙት። ቆይቶ ደቡቡ እየተንተባተበ ተቀበለ። መርዓዊ በሜዳው ጥግ ቆሞ ቀኝና ግራውን ሰማ፤ እርሱ ግን ሊቀበል አፉን መክፈት አልቻለም።

ከቀናት በኋላ መርማሪዎች መሣሪያውን ፈትተው መረመሩት፤ ብልሽት አላገኙበትም። የታዘዘውን ፈጽሟል።

መርዓዊ ይህን ሲሰማ የተሰማው ኀፍረት ከሜዳው ይልቅ በረታበት፤ ከኀፍረቱም ጋር ፍርሃትና ምስጋና መጡበት። አንዲት ደቂቃ የሰውን ልብ የሰማ አርባ ሺህ ሕዝብ ባልንጀራውን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። ይህን ሁሉ ያለ ጥብጣብ፣ ከአዳም ጀምሮ፣ ቀንም ሌሊትም የሚሰማ አንድ አለ፤ የሰማውንም በአደባባይ አላሰማብንም። ፀሐዩን እንደ ወትሮው ያወጣልናል። ሰው ያን መሸፈኛ በገዛ እጁ ሊቀደው መሣሪያ ሠራ፤ ሠሪውም ከሁሉ አስቀድሞ ራቁቱን ቀረ።

አንባቢዎች ሆይ፣ የልባችሁን የሚሰማ አምላክ ቤታችሁን በምሕረቱ መጋረጃ ይሸፍን፤ በማዕዳችሁ ዙሪያ አፍና ልብ አንድ ቃል ይናገሩ፤ ልጆቻችሁም ይቅርታን ከእናንተ አንደበት ሰምተው ይደጉ። አሜን።