የማያዳላ ጠያቂ

ልብስ ሰፊዋን አንድ ቃል ለዓመታት ሲያንገበግባት ኖሯል፦ «አታካብጂ።» ትርፍ አንጀቷ በወጣ ማግስት ሕመሙ ሲያስጮኻት፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እንዲህ ያላት እጮኛዋ ነበር። ቀለበቱን መለሰችለት፤ ቃሉ ግን አብሯት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወንድ ፊት «አመመኝ» ብላ አታውቅም።

ስለዚህ የሆስፒታሉ የማደንዘዣ ባለሙያ ጋዋኑን ይዞ ሱቋ መመላለስ ሲጀምር በጎሪጥ አየችው።

«ይኼ ኪስ አልተቀደደም» አለችው ክሩን በጥፍሯ እየነካካች። «በመቀስ ነው የተቆረጠው። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይንጨባረራል።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «በቃ፣ ተያዝኩ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አንቺን ማየት።»

«ይኸው አየኸኝ። በል ሂድ!»

ኪሱን ግን ሰፋችለት፤ አጠንክራ።

ብዙም ሳይቆይ የሐሞት ጠጠሯ በኦፕሬሽን ይውጣ ተባለ። ሊያስረዳት የመጣው እሱው ነው።

«ቁስሉ ዙሪያ የሚወጉ ሁለት ማደንዘዣዎችን እያወዳደርን ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ የትኛው ሕመሙን ይበልጥ እንደሚያስታግስ ለማየት። ፈቃድሽ ከሆነ ብቻ።»

«ለእኔ የትኛው ይደርሰኛል?»

«አላውቅም።»

«የምትወጉት እናንተ፣ የማታውቁት እናንተ? ሂድ ሌላ ሞኝ ፈልግ!»

«ሌላ ሰው ነው መድኃኒቱን በመርፌ ቀድቶ፣ ስሙን ሸፍኖ የሚሰጠን። ካወቅን ወደ ወደድነው እናደላለና።»

«እሺ፣ ስነቃ ሕመሜን የምትጠይቀኝ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ሌሎቹን እጠይቃለሁ። አንቺን ግን ሲስተር ናት የምትጠይቅሽ፤ የሚወጋሽም ባልደረባዬ ነው።»

ይኸው፣ ገና ሳልታመም ሸሸ፣ አለች በልቧ።

«ምነው፣ ጩኸቴን ፈራህ?»

 ቀና ብሎ አያት።

«ላንቺ አላዳላም ብዬ መማል አልችልም። ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ።»

 እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ሰምታ አታውቅም። ደግሞም ማታለያ ቢሆንስ? ብቻ «እሺ» አለች።

ስትነቃ ሆዷ እሳት ነበር።

«ከዜሮ እስከ አስር፣ ሕመሙ ስንት ነው እትዬ?» አለቻት ሲስተር።

እሱ ጋዋኑን አውልቆ፣ እንደማንኛውም ጠያቂ በሩ ላይ ቆሟል። ዝቅ ያለ ቁጥር እየጠበቀ ይሆን?

«ሦስት» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ሰውዬው አንሶላውን የጨመደደውን እጇን አየና ፊቱ ጠቆረ። አፉን ከፈተ፤ መናገር እንደማይፈቀድለት ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። የሷ ሕመም እሱን አሞታል።

ሲስተር ልትወጣ ስትል ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሲስተር፣ ተመለሺ! ዋሽቻለሁ። ስምንት ነው። በጣም አሞኛል!»

ሲስተር ማስታገሻ ልታመጣ ፈጥና ወጣች።

«አንተስ ምን ይገትርሃል?» አለችው። «ና ቁጭ በል።» እጇንም ከአንሶላው አላቃ ሰጠችው።