ሞተር ማስነሳት ያስተማርኩት ሰውዬ

የማያምን አይመን።

ተረት የፈለገ ሌላ ቤት ያንኳኳ። ይሄ በኔ፣ ፈነት በምባለው አሮጊት ላይ የደረሰ ነው። ሰምቼ አይደለም፣ አይቼ ነው።

ጊዜው ያለፈው ጥር። ቦታው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል፣ ልጄ ቤት፣ ከመኝታ ቤቷ ሥር ያለው ጋራዥ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት...

አዎ፣ በቀን። ፀሐይ በረዶው፣ ስኖው የሚሉት ላይ እያንፀባረቀች ዓይን በምታጠፋበት ሰዓት። ሰይጣን ጨለማ ነው የሚወደው ያላችሁ ሰው ሚኒሶታን አያውቅም።

ልጄ ሰገነት ነርሲንግ ሆም፣ አሮጊት ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ጠዋት ትገባና ቀን ትተኛለች። ስለዚህ በኛ ቤት ቀኑ ሌሊት ነው። መጋረጃ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል። እኔም በካልሲ ነው የምሄደው።

ባሏ አክሊሉ ደግ ልጅ ነው። ሥራም አይጠላም። ሞተር ሳይክል ሲያይ ግን ልቡን ይስታል።

መስከረም ላይ አንድ አሮጌ ሞተር እየገፋ መጣ። የሞተ ሰውዬ ዕቃ ሲሸጥ አግኝቶት ነው። ሄልሜቱንም መርቀውለታል። ጥቁር፣ ፊቱ ላይ መስታወት ያለው።

"የሞተ ሰው ባርኔጣ ቤት አታስገባ" አልኩት።

"እማማ፣ ሄልሜት እኮ ነው።"

"ሄልሜት ጭንቅላት አይገባበትም?"

ሳቀ። አስገባው።

ብርዱ ሲመጣ ሞተሩ እምቢ አለ። የድሮ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅል ካርቡሬተር ያለው። እንዳሁኖቹ በአውራ ጣት ነክተው የሚያስነሱት አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ዝም ካለ ቤንዚኑ ውስጡ ይረጋል ስለተባለ፣ አክሊሉ በእረፍቱ ቀን እየወረደ ይታገለዋል። ይረግጣል፣ ይረግጣል... የጋዙን እጀታ እያዞረ ቤንዚን ያጠጣዋል... ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል... ሞተሩ ዝም።

እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እስቅበታለሁ።

ሳቄ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባሌ ተካ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብረ ብርሃን የመሥሪያ ቤት ሞተር ይነዳ ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ወገቡን ሲያመው ፔዳሉን የምረግጥለት እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የሞተር ፔዳል ግን ረግጫለሁ። ፊደሉንም የለየሁት በስተርጅና ነው። ስህተት ካያችሁ ዋጥ አድርጉት።

እና አንድ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

ቀጭ...

ቀጭ...

ይሄ ልጅ ሚስቱን ሊቀሰቅስ ነው ብዬ እየተበሳጨሁ ወረድኩ።

ከሞተሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሏል። ጥቁር ጃኬት። ሄልሜቱን አጥልቋል፣ መስታወቱን ዘግቷል።

"ምን ትነካካለህ?" አልኩት በሹክሹክታ። ልጄ ከላያችን ተኝታለች።

ወደ ሞተሩ እንዳጎነበሰ ነው።

"ጋዙን ተወው ብዬህ የለ? መጀመሪያ ቤንዚኑን ክፈት።"

ከሄልሜቱ ውስጥ፣ ቀስ ያለ ድምፅ...

"ከዚያስ?"

ደስ አለኝ። ምን ልዋሻችሁ። ስመክረው ሲስቅ የከረመ ልጅ ዛሬ ጠየቀኝ ብዬ ልቤ አበጠ።

"ከዚያማ ቾኩን፣ የአየሩን መዝጊያ፣ ትስባለህ። አየሩን ትከለክለዋለህ። የቀዘቀዘ ሞተር አየር ከበዛበት አይነሳም። እፈነው።"

"ከዚያስ?"

"ቁልፉን ሳትከፍት፣ ቀስ ብለህ፣ ደጋግመህ ርገጠው። ቤንዚኑ ይሳብለት። ከዚያ ቁልፉን ክፈትና አንዴ ከልብህ ርገጥ።"

"ከዚያስ?"

"ነፍስ ሲዘራ ጥለኸው እንዳትሄድ። እስኪሞቅ አጠገቡ ሁን። ሲሞቅ ቾኩን መልስለት። ከዚያ ወዲያ ማንንም አይፈልግም፣ በራሱ ይተነፍሳል።"

መስታወቱን ወደኔ አዞረ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት...

እኔ ባወራሁ ቁጥር ከአፌ እንፋሎት እንደ ጭስ ይወጣል። ጋራዡ በረዶ ነው። የሄልሜቱ መስታወት ግን ጥርት እንዳለ ነው። ጉም የሚባል የለበትም። አሁን ተወልውሎ የተቀመጠ ይመስላል።

እዚያ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም...

"አንተ ልጅ... አሞሃል እንዴ?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ!" ብዬው ወጣሁ። በቁጣ አስመሰልኩት እንጂ ሽሽት ነበር።

ላይ ስደርስ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ።

አክሊሉ ገባ። ጫማው ስኖው። እጁ ላይ ፌስታል።

"ከየት ነው?" አልኩት።

"ከሮበርት ስትሪት ሱቅ ነዋ። ወተት አልቋል ብለው የላኩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

አብረን ወረድን። እሱ ከፊት፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ ከኋላ።

ማንም የለም። ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ትልቁ በር እንደተዘጋ ነው፤ ውጭ ያለው ስኖውም የእግር ዱካ አላረፈበትም።

አክሊሉ ጎንበስ አለ።

"እማማ... ቤንዚኑን ማነው የከፈተው?"

"ዝጋው።"

"እርስዎ ነዎት?"

"ዝጋው አልኩህ! ለሰገነትም እንዳትነግራት። እንቅልፍ አጥታ ሄዳ በሽተኛ ሰው ደግፋ ልታነሳ ነው?"

የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ተኝቼም አልፈታሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ እግሬ ራሱ ይነሳል። ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ደረጃው ጫፍ። በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ማቀዝቀዣው ሲያንጎራጉር እዘላለሁ። አክሊሉ "እማማ ይቀመጡ እንጂ" ይለኛል። "አንተ ተቀመጥ!" እለዋለሁ። እሱ ተቀምጧል እኮ...

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ጭስና ጋዝ ሲኖር የምትጮህ ትንሽ ዕቃ ነበረች። ባትሪዋ ደክሞ ጢው... ጢው... ስትል ልጄን ልትቀሰቅስብኝ ሆነ። በመጥረጊያ እንጨት ጣልኳትና ባትሪዋን አወጣሁ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ጎበዝ ነኝ ብዬ።

ሐሙስ ሆነ። አክሊሉ ሥራ ሄዷል። ሰገነት ተኝታለች። ስምንት ሰዓት።

ብርድ ብርድ አለኝና ጋቢዬን ፈለግሁ። ሶፋው ላይ ነበር። የለም።

ከታች...

ርግጫ። ቀስ ያለ።

ሌላ ርግጫ።

ሌላ።

አይቸኩልም። አክሊሉ እንዲህ ረግጦ አያውቅም። ልክ እኔ እንዳልኩት...

ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ቀጭ።

እጄን መቀነቴ ላይ አደረግሁ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው።

ከዚያ አንድ ርግጫ። ከልብ።

ሞተሩ ተነሳ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሩን ስከፍት ጭሱ ፊቴን መታኝ። መብራቱን አበራሁ።

ሞተሩ ላይ ማንም የለም። ወንበሩ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ሰርጉዷል።

ጋቢዬን አየሁት። በትልቁ በር ሥር፣ አየር በሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ተወትፏል። ከጥግ እስከ ጥግ። በጥንቃቄ።

አየሩን ትከለክለዋለህ...

እፈነው...

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ጣሪያ በላይ የልጄ አልጋ ነው።

ሊያስነሳ የፈለገው ሞተሩን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ጋቢዬን መንጭቄ ማርሚታው፣ የጭሱ መውጫ ቧንቧ ውስጥ ወተፍኩት። ብረቱ መዳፌን ላጠው። አልለቀቅኩም። በሆዴ ተደገፍኩበት። ሞተሩ ተንፈራፈረ... ሳለ... ደግሞ ሳለ...

ጠፋ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከጆሮዬ ሥር...

"ከዚያስ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። ያን ቀን አፌን ዘጋሁ። ትልቁን በር ከፈትኩና ወደ ላይ ሮጥኩ።

ሰገነት ፊቷ ቀልቷል። ብጠራት አትሰማም። በጥፊ መታኋት።

"እማዬ... ራሴን..."

"ተነሺ! ተነሺ የኔ እናት!"

በዚህ ጉልበቴ ጎትቻት ወጣሁ። ስኖው ላይ በካልሲ ቆመን አምቡላንስ ጠራሁ። መጡ፣ አፏ ላይ ኦክስጅን ገጠሙላት። ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

ተረፈች። ስሙ ይመስገን።

ማታ ሐኪም ቤት እጄን ይዛ ሳብ አደረገችኝ።

"እማዬ... አክሊሉ ሄልሜት አድርጎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ምን ይሠራ ነበር?"

ወንበሬን አስጠጋሁ።

"ምን አለሽ?"

"ምንም። ፊቱን ፊቴ ላይ አስጠግቶ... ይጠብቅ ነበር።"

"እስከ ምን?"

"እኔ እንጃ። ቶሎ ቶሎ በተነፈስኩ ቁጥር ጎንበስ ይላል።"

በማግስቱ አክሊሉ ሞተሩን ለብረት ሰብሳቢ ሰጠው። ሄልሜቱን በእጄ ነው መኪናው ላይ የወረወርኩት። መኪናው ከመንገዱ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ጣሪያው ላይ አዲስ ዕቃ ተሰቀለ፣ ባትሪዋን የነካ ጣቱን እቆርጠዋለሁ አልኩ። ቄስ መጥተው ጸበል ረጩ።

ሰላም ሆነ ብለን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ታንኮራፋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትተኛ ድምፅ አልነበራትም።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሳሙና ላመጣ ጋራዥ ወረድኩ። የልጄ ማንኮራፋት በጣሪያው ውስጥ ይሰማል። ጋራዡ ባዶ ነው። ሞተሩ የነበረበት ቦታ ላይ ዘይት ብቻ።

ሳሙናው መደርደሪያ ላይ ነው።

ሄልሜቱም መደርደሪያው ላይ ነው።

ፊቱን ወደኔ አዙሯል።

ልጄ ከላይ ትንፋሿን ሳበች... መስታወቱ ጠራ።

አወጣችው... መስታወቱ ከውስጥ በጉም ተሸፈነ።

ሳበች... ጠራ።

አወጣች... ተሸፈነ።

እግሬ ተተክሎ ቀረ። ከላይ ማንኮራፋቱ ተቋረጠ። አልጋው ተንቋቋ። የእግሯ ኮቴ ኩሽና ገባ።

"እማዬ! የት ሄድሽ? ወተቱን ልጣደው?"

ድምፅዋ ደህና ነው። ጤነኛ ነው። እየሳቀች ነው የምትጣራው።

እኔ ግን ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ይጠራል...

ይሸፈናል...

ይጠራል...

ይሸፈናል...

ቾኩ ተመልሷል። ከዚህ ወዲያ ማንንም አይፈልግም።