የመክፈቻው ፊት

በዶቢ ከተማ ሰው የዶክተር ላቀውን ፊት ለማየት ወረፋ ይይዝ ነበር። እንደ ዳቦ ወረፋ ነው፤ ማልዶ የመጣ ከፊት፣ ያረፈደ ከኋላ፣ ዘመድ ያለው ደግሞ በጎን በር። ተራው የደረሰ ታካሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ላቀው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ለጥቂት ጊዜ ይተያያሉ፤ በቃ። ታካሚው "ዕድሜ ይስጥልን" ብሎ ይወጣል፤ ላቀው "አሜን" ይላል፤ ቀጣዩ ይገባል። እንዲህ በየዓመቱ። በዚህ የሚገረም ካለ ትናንት ከባቡር የወረደ እንግዳ ነው።

ዶቢ የመስታወት አገር ናት። ሜዳዋን ከዳር እስከ ዳር የሞሉት መስታወቶች ፀሐይ ይለቅማሉ፤ ከነሱ የሚወጣው መብራት ለስንት አገር ይበቃል። መስታወት አጣቢው ግን ከነጸብራቁ የተነሣ ዓይኑን ይዞ አይሸመግልም። ለዚህ ነው የዓይን ክሊኒኩ በር ሰው አጥቶ የማያውቀው። እዚያ የሚተከለው ነገር ንጣፍ ይባላል፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ዓይን ውስጥ ተነጥፎ ብርሃኑን ለአንጎል የሚያቀብል ሰው ሠራሽ ገለፈት ነው። ንጣፍ ግመሉንም ግድግዳውንም ወዲያው ይለያል። የሚቸግረው የሰው ፊት ነው። ሁሉም ሁለት ዓይን፣ ሁሉም አንድ አፍንጫ፤ በምን ይለየው? ስለዚህ መጀመሪያ ያየውን ፊት መለኪያ ያደርገዋል። "ከዚያኛው አፍንጫው ረዘም ያለው ልጄ ነው፤ አገጯ ሾል ያለችው ሚስቴ ናት" እያለ ሌላውን ሁሉ በዚያ ይሰፍራል። ይህን መለኪያ የመክፈቻ ፊት ይሉታል። ሰው ያረጃልና መለኪያው እንዳይዛባ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ያውም በዚያው ሰው ሕያው ፊት። ፎቶ አይቀበልም።

የዶቢ የመክፈቻ ፊት ላቀው ነበር። የተሳለ አፍንጫ፣ ሰፊ ግንባር፣ ሕመም የሚያስረሳ ጥርስ። የሐኪም ልጅ፣ የሐኪም የልጅ ልጅ።

ንጣፉን የሚተክለው ግን ላቀው አልነበረም። ይኼይስ ነበር።

የይኼይስ አባት መስታወት አጣቢ ነበሩ። እሱ ራሱ በጉብዝናው ወራት አባቱን ሲያግዝ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ዞሮበት የለቀመው ፀሐይ ግራ ጉንጩን እስከ አገጩ ጠበሰው። ቆዳው ሲድን የከንፈሩን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ አስቀረው፤ ሲቆጣም የሚያሾፍ ይመስላል፣ ሲያዝንም የሚያሾፍ ይመስላል። ይህን ፊት ይዞ ተማረ፤ ተምሮም እጁ የተመሰከረለት ቀዶ ሐኪም ሆነ። ቢሆንስ? እሱ፣ ሚስቱ ዶክተር ስኂንና ላቀው ሦስት ሆነው ክሊኒኩን የከፈቱ ቀን የመክፈቻው ፊት ማን ይሁን የሚል ነገር ተነሣ። ላቀው እጁን ይኼይስ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ "ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ ሚዛን ከጎበጠ ገበያው ሁሉ ይጎብጣል" አለ። ተሳቀ። ይኼይስም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ሳቁን እዚያው ትቶ ነገሩን ይዞት ወጣ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሱ ቂም ይዞ ቀዶ ጥገና ገባ።

እጁ ግን አልከዳውም። ይተክላል፣ በፋሻ ያስራል፣ በኋላ በር ይወጣል። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እልልታው ለላቀው ነው። ማሩ ለላቀው፣ ፍየሉ ለላቀው። በዶቢ ላቀው የሚባል ሕፃን በየደጁ ይሮጣል፤ ይኼይስ የሚባል አንድም የለም። አራሹ ሌላ፣ ጎተራው ሌላ።

የባሰው ሌላ ነው። ስኂን የተጎዳ አጣቢ ለማንሣት ሜዳው መሐል ገብታ ሁለት ዓይኗን መስታወቱ በላው። ንጣፉ ገና ጅምር በነበረበት ዘመን ነው፤ የተከለላትም ባሏ ነው። ፋሻዋ ሲፈታ ግን "ሌላ ታካሚ አለብኝ" ብሎ ኮሪደር ላይ ቆመ። ከውስጥ የላቀው ሳቅ መጣ፤ የሷም ሳቅ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ባየችው ቁጥር በልቡ "ከሱ ስለካ ስንት ጎደልኩ?" ይላል። ገበታ ላይ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ለመደ። እሷ "ምን አጠፋሁ?" ትለዋለች፤ እሱ "ምንም" ይላል። ይህ "ምንም" የሚሉት ነገር አንዴ ትዳር ውስጥ ከገባ ከምስጥ ይከፋል።

የክሊኒኩ በር ላይ የላቀውን ፊት በመስታወት ስባሪ ሠርተው የሰቀሉ ዕለት ይኼይስ ጋውኑን አወለቀ። ስኂን ሻንጣውን አይታ "እኔስ?" አለችው።

"አንቺማ መለኪያሽ እዚሁ አለልሽ" ብሏት ወጣ።

*

ዶክተር ኢብሳ ኮምቦልቻ ድረስ ሲመጣ ይኼይስ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የአንዲት ባልቴት መነጽር እያጠበቀ ነበር። ኢብሳ ቀዶ ጥገናን ከሱ እጅ የተማረ ወጣት ነው፤ አሁን ክሊኒኩ በሱ ትከሻ ላይ ወድቋል።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?"

"አለሁ። ምን ብለው ነው የላኩህ? ሊያስታርቁኝ?"

"ማን ቀረና ያስታርቃል፣ ጋሼ።"

ላቀው ባለፈው ክረምት መሞቱን ይኼይስ ሰምቷል። ከመሞቱ በፊት "ይኼይስን ጥሩልኝ" ብሎ የላከው መልእክትም ደርሶት ነበር። ያን ጊዜ "አጠገቡ ቆሜ ላሳምረው ይሆናል" ብሎ አጥፍቶታል።

"ፊት ጠፋ" አለ ኢብሳ። "እርስዎ በሄዱ በዓመቱ ጀመረ። ሰዉ ሁሉን ያያል፤ ፊት ብቻ የለም። 'የተላጠ እንቁላል ነው የሚታየን' ይሉናል። አጣቢውን ሁመድን ያስታውሱታል? ትምህርት ቤት በር ላይ የሌላ ሰው ልጅ አቅፎ 'ልጄ፣ ልጄ' ሲል የገዛ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ያለቅስ ነበር።"

"ላቀው ታዲያ ምን ይሠራ ነበር? ያ የሚያምር ፊቱ የት ሄደ?"

"ጋሼ ላቀውማ ከወንበራቸው አልተነሡም። ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጡላቸዋል፤ 'አሁንስ? አሁንስ አያችሁኝ?' ይላሉ። ሰዉ 'አላየንዎትም' ብሎ ያለቅሳል። የድሮውን ልምሰል ብለው ፂማቸውን ተላጩ፣ ፀጉራቸውን ጥቁር ቀቡ። ይሄ ከተማ ደግሞ ምላሱን ያውቁታል፤ 'አርጅቶ ነው፣ ጸጋው ተገፎ ነው' አላቸው። በዚያው ወደቁ። ልብ ነው የገደላቸው ተባለ። እኔ ሐፍረት ነው እላለሁ።"

ይኼይስ የመነጽሩን ብሎን ማጥበቁን አልተወም። ሆዱ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቱ አስጠላው።

"እና እኔን ምን አድርግ ልትለኝ ነው? ሚዛኔ የጎበጠ ሰው ነኝ።"

ኢብሳ ከኪሱ ትንሽ ማሳያ አወጣ። "አንዲት ታካሚያችን ሞቱ፤ ቤተሰባቸው ፈቀደልንና ንጣፋቸውን አውጥተን ከፈትነው። መጀመሪያ ያየውን ፊት ፈለግን። የጋሼ ላቀው አይደለም።"

ማሳያው ላይ መብራት በራ። ከመብራቱ ሥር አንድ ፊት አጎንብሷል፤ ግራ ጉንጩ የተጠበሰ፣ የከንፈሩ ጫፍ ወደ ላይ የተሳበ።

ይኼይስ ነገሩ ወዲያው ገባው። ተከላው ሲያልቅ ሐኪሙ መብራት አብርቶ፣ ወደ ታካሚው ዓይን አጎንብሶ ንጣፉ በቦታው መቀመጡን ያያል። ደንቡ ፊትን ሸፍኖ ነው። መሸፈኛው ግን ጠባሳውን እየፈገፈገ ያሠቃየው ስለነበር፣ ቁስሉን ሰፍቶ እንደዘጋ ያወልቀው ነበር። ንጣፍ እስከ ማግስቱ ይተኛል ስለሚባል ምን ይጎዳል ብሎ ነው። በየዓመቱም ታካሚው ወደ ላቀው ከመግባቱ በፊት በጨለማው ክፍል ንጣፉን በመብራት የሚመረምረው እሱ ነበር፤ ያንንም ፊቱን ገልጦ። ንጣፉ ግን አልተኛም ኖሯል። ያ ሁሉ ሰው ወደ ላቀው ሲገባ ታድሶ ነበር የሚገባው። ከተማው እናቱንም ሙሽራውንም ልጁንም ሲሰፍር የኖረው በዚህ በተጠበሰ ጉንጭ ነው።

"ስኂን ነግራኝ ነበር" አለ።

ነግራው ነበር። ፋሻዋ በተፈታ ሰሞን፣ እጁን ይዛ፣ "መጀመሪያ ያየሁት እኮ አንተን ነው፤ ከመብራቱ ሥር። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር" ብላው ነበር። እሱ እንደ ምጽዋት ቆጠረው። "አታባብይኝ፣ ልጅ አይደለሁም" ብሎ እጁን ነጠቃት። ደግማ አላነሣችውም። ይኼይስ ሲሰድቡት ወዲያው የሚያምን ሰው ነው፤ ሲወዱት ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

"እሷስ?" አለ።

ኢብሳ ማሳያውን ወደ ኪሱ መለሰ። "የሳቸው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ጋሼ። ሳይታደስ ከቆየ ይደነድናል። ቶሎ እንሂድ።"

ይኼይስ በሩን አልፎ ነበር፤ ባልቴቲቱ መነጽራቸውን የተቀበሉት ከኢብሳ እጅ ነው።

*

ስኂን ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ከሰዉ ጋር ተቀምጣ ነበር። ቅደሚ ቢሏት እምቢ አለች። "የሚያሳድጉት ልጅ ያላቸው ይቅደሙ። እኔ የማጣው አንድ ፊት ነው" አለች። ይኼይስ ይህን ከበሩ ጀርባ ሰማ፤ ወጥቶ ሊያያት ግን አልደፈረም። በጨለማው ክፍል መብራቱን ይዞ ጠበቀ።

ሁመድ ከልጁ ጋር ገባ። ይኼይስ መሸፈኛ ሳያደርግ አጎነበሰበት። አጣቢው ተንፍሶ አያውቅ ይመስል በረጅሙ ተነፈሰ። ወደ ልጁ ዞረና ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ያገላብጠው ጀመር፣ ገበያ ላይ እንደሚገዛው ዕቃ።

"አባ፣ ልቀቀኝ፣ አመመኝ!"

"ዝም በል! ልይህ! ጥርስህ መቼ ወለቀ አንተ?"

እያለቀሰ፣ እየሳቀ ወደ ይኼይስ ተመለሰ። "አየህ ዶክተር? ላቀው ሞቶም አልተወንም! አላህ ይዘንለት።"

ኢብሳ አፉን ሊከፍት ሲል ይኼይስ እግሩን ረገጠው። "አሜን" አለ።

ሁመድ ሲወጣ ኢብሳ አልቻለም። "ለምን አልነገሩትም? ያ ሁሉ ዘመን የርስዎ ነው እኮ!"

"ላቀው 'አላየንህም' እያሉት ተቀምጦላቸዋል" አለ ይኼይስ። "እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ተነሥቼ እሄድ ነበር።" መብራቱን አነሣና ጨመረበት። "ሄጄም ነበር። በል ቀጣዩን ጥራ።"

ቀኑን ሙሉ አጎነበሰ። እየገቡ አለቀሱ፣ እየወጡ ላቀውን መረቁ። ያ ሁሉ ዘመን ያቃጠለው ምርቃት አሁን ጆሮው ውስጥ ገብቶ የሚያርፍበት አጣ፤ የሚያስበው ኮሪደሩ ላይ የቀረችውን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስኂን ገባች። ቀጥ ብላ ተራምዳ ወንበሩን ሳትዳብስ ተቀመጠች፤ ወንበርማ ታያለች። ከስታለች።

"እግር መጎተት ጀምረሃል" አለችው።

"አርጅቼ ነው።"

"እኔ በምን ልወቅ።"

መብራቱን አበራ። የሌሎቹ ንጣፍ እሱ ሲያጎነብስ እንደ ንጋት ሰማይ ደመቅ ይል ነበር። የሷ አመድ ነው። ቀረብ አለ። ትንፋሹ ጉንጯን እስኪነካ ቀረበ። ግንባሩን ፈታ፣ ጠባሳውን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ከሰው ሲደብቀው የኖረውን ጉንጭ እንኪ ብሎ ሰጣት። አመዱ አመድ ሆኖ ቀረ። ነቅሎ ሌላ መትከል አይቻልም፤ ያ የመጀመሪያው ዓይነት ከዓይኑ ሥር ጋር ተዋህዶ ስለሚበቅል ቢነቀል ያላትንም ብርሃን ይዞት ይሄዳል። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከሷ በቀር።

"ንገረኝ። ሐኪም ነኝ።"

"ደንድኗል።"

"መስሎኝ ነበር" አለች።

"ስኂን… ነግረሽኝ ነበር።"

"ነግሬህ ነበር።"

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ከውጭ የሁመድ ልጅና ሌሎቹ ሲሯሯጡ ይሰማል፤ የሰዉ ሳቅ ይሰማል።

"የማስታውሰው ሻንጣ ይዘህ ስትወጣ የነበረህን ፊት ነው" አለችው። "የቀረልኝ እሱ ነው። አያምርም። ጠባሳውን ማለቴ አይደለም።"

ይኼይስ መብራቱን አስቀመጠ።

"አሁን ምን ይመስላል?"

የፈለገውን ሊላት ይችል ነበር። ማን ያይበታል? "የከንፈሬ ጫፍ ያው ነው፣ ወደ ላይ" አለ። "የሚያሾፍ ይመስላል። ግን እያሾፍኩ አይደለም። እያለቀስኩ ነው።"

ስኂን ፊት ወደሌለው ፊቱ ቀና አለች። ይኼይስ "በምን አውቃለሁ?" እስክትለው ጠበቀ፤ እኔ ብሆን እላት ነበር ብሎ። ንጣፍ መለኪያ ካላገኘ ማንንም አይቀበልም፤ ይኼ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደ ንጣፍ ኖሯል።

"እሺ" አለች ስኂን። "አምንሃለሁ።"

ከወንበሩ ተነሥታ በሩን ራሷ ከፈተች። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ባዶ ባዶውን ፊት እያየች አለፈች። ይኼይስም ድምፁን እንድትሰማ፣ የሚለው ባይኖረውም፣ እያወራ ተከተላት።