ከሰገነት ወደ አጥቢያ

ሙፈሪሃት የማሰራጫ ክፍሉን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ጋሽ ቀለመወርቅ ጀርባቸውን ሰጥተው ስክሪኖቹ ፊት ተቀምጠው ነበር። በሁለት እጇ የኬክ ካርቶን ይዛለች።

«ጋሽ ቀለመ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻቸው። «እንግዶቹ ሳይመጡ ሸሚዝዎን ቢቀይሩ ጥሩ ነው።»

መልስ አልሰጧትም። በትልቁ ስክሪን ላይ የአዲሱ ኔትወርክ ምልክት ይሽከረከራል። የማዕዶት ቴሌቪዥን ሥራ አስኪያጅ ለዚህ ቀን ሲለፉ ስለከረሙ እንቅልፍ የጣላቸው መሰላት። ካርቶኑን አስቀምጣ ትከሻቸውን ነካ ስታደርገው ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ተንጋደደ። ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ ሽበታቸው በደም ተለጣጥፏል።

ወደ ኋላ አፈገፈገች። በዚያው ቅጽበት ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከካሴት ማከማቻው በኩል፣ በር ቀስ ተደርጎ ሲዘጋ ሰማች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ስቶክሆልም ዳር፣ ኪስታ ያለው ይህ የቢሮ ሕንጻ ቅዳሜ ሰው አይገባበትም። ወደ መውጫው ለመሄድ ደግሞ በማከማቻው በር ፊት ማለፍ ግድ ነው። ሙፈሪሃት አጠገቧ ወዳለው የድምፅ መቅጃ ክፍል ገብታ ከውስጥ ቆለፈች።

የክፍሉ ግድግዳ የውጭ ድምፅ እንዳያስገባ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ነው። እስከ ዛሬ ስትወደው የኖረችው ጸጥታ አሁን አስጨነቃት። ኮቴ አይሰማም። ሰውየው እየቀረበ ይሁን እየራቀ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ለፖሊስ ደውላ፣ ስዊድንኛው ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ፣ «ሰው ሞቷል፤ ሰው አለ» እያለች ስትደጋግም የበሩ እጀታ ወደ ታች ዝቅ አለ። ተመለሰ። እንደገና ዝቅ አለ። ከውጭ ያለው ሰው አልተናገረም። ፖሊሶቹ መጥተው እስኪያስከፍቷት ድረስ ዓይኗን ከእጀታው ላይ አልነቀለችም።

ምርመራውን የያዘችው ሶረቲ የምትባል መርማሪ ነበረች። ጉለሌ ተወልዳ በልጅነቷ ስቶክሆልም የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት ናት። መጀመሪያ ሬሳውን ዞራ አየች፤ ቀጥላም ከመሣሪያ መደርደሪያው የብረት ጠርዝ ላይ ያለውን ደም፣ ከዚያም ከመደርደሪያው እስከ ወንበሩ ምንጣፉ ላይ የተጎተተውን መስመር።

«እዚያ ተገፍተው ነው የወደቁት» አለች። «ከሞቱ በኋላ ነው እዚህ የተቀመጡት። በበሩ መስታወት በኩል የሚያይ ሰው ሥራ ላይ ናቸው ብሎ እንዲያልፍ።»

ሙፈሪሃት የሰጧትን ውኃ ሳትጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የውጭውን በር መክፈቻ ታግ ያላቸው እነማን ናቸው?»

«እኔ፣ ጋሽ ቀለመ፣ ልጃቸው ሳሌም፣ ቴክኒኩን የሚመራው ሰላምሰገድ፣ ባሕሩ። በቃ።»

«ባሕሩ አቅራቢው?»

«አዎ። የጣቢያው ፊት እሱ ነው።»

ሶረቲ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ለፖሊስ ስትደውዪ ንግግርሽ ተቀድቷል። እጀታው ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ስለዚህ አንቺን አልጠረጥርም። የቴሌቪዥን ሥራ ግን አላውቅም፤ ሰዎቹን ስጠይቅ አብረሽኝ ብትቀመጪ ደስ ይለኛል። አሁን ዛሬ ምን እንደነበር ንገሪኝ።»

ሙፈሪሃት የፕሮግራም ክፍል ኃላፊ ስለሆነች ነገሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ማዕዶት የራሱን ዝግጅት የሚያቀርበው ምሽት ምሽት ብቻ ነው። የቀረውን ሰዓት የትልቅ ኔትወርክ ስርጭት ተቀብሎ ያስተላልፋል። ለዓመታት ሲያስተላልፍ የኖረው ሰገነትን ሲሆን ዛሬ ረፋድ ወደ አጥቢያ ተዛወረ።

«ሰገነት የሚታየው እዚህ አካባቢ ባሉ አገሮች ብቻ ነው» አለች። «አጥቢያ ግን በሳተላይት አገር ቤት ይገባል። ከዛሬ ጀምሮ የእኛም ዝግጅት አዲስ አበባ ይታያል። ከሰገነት ጋር ያለን ውል እስኪያልቅ የአጥቢያን ስም በራሳችን ስርጭት ማንሳት አንችልም ነበር። አጥቢያ ግን በራሱ ስርጭት ሰሞኑን ሲያስተዋውቀን ሰነበተ። ማስታወቂያውን ቀርጬ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ማስታወቂያው ላይ ማን አለ?»

«ባሕሩ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ተራ በተራ ተጠሩ። ለሙፈሪሃት ከዚያ የከፋ ሰዓት አልነበረም። በየተራ ከፊቷ የሚቀመጡት አብራቸው ምሳ የበላቻቸው፣ ልደታቸውን ያከበረችላቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ እጀታውን ይዞ ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር። እጅ እጃቸውን ታያለች።

ሰላምሰገድ የገባው ተቆጥቶ ነው። «ሽግግሩን ተቃውሜያለሁ፤ አልደብቅም» አለ። «አጥቢያ ማሰራጫውን ከራሱ ቢሮ ሆኖ ሊቆጣጠር ነው። የእኔ ወንበር ይታጠፋል ማለት ነው። ከቀለመወርቅ ጋር በዚህ ተጣልተናል።»

«በሽግግሩ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ጣሪያ ላይ፤ አዲሱን ዲሽ ሳስተካክል።»

«ሽግግሩን አዩት?»

«ከጣሪያ ላይ ምን ይታየኛል? የአጥቢያ ቴክኒሻን በስልክ ነበር የሚነግረኝ። ከእኛ በኩል በደንብ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ የየቤቱ የኬብል ድርጅት ነው በራሱ በኩል የሚያዞረው፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ባሕሩ ከሚኖርበት ከኡፕላንድስ ቬስቢ በፔንደልቶግ ባቡር መጣ። ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ በዚያ ሁሉ ሰው በሚያውቀው ለስላሳ ድምፁ፣ «አባቴ ማለት ነበሩ» አለ።

«ሽግግሩን አዩት?»

«እንዴት አላይም? አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው በቴሌቪዥን የተከታተልሁት። ለሰገነት ያዘጋጀነው ስንብት መጣ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ትንሽ ሲረዝምብኝ ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ። ወዲያው አጥቢያ ገባ። አለቀስሁ ብልዎት አያፍሩብኝ።» ወደ ሙፈሪሃት ዞረ። «ሙፊ፣ አንቺ ደህና ነሽ? ማንንም አላየሽም?»

«አላየሁም» አለች።

ሳሌም ስዊድን ያደገች ናት። አማርኛው ይገባታል፤ ስትጨነቅ ግን ይጠፋባታል። ቴንስታ ባለው አዳራሽ ሽግግሩን ሊያዩ የተጠሩ ተመልካቾችን ስታስተናግድ ነበር። ሶረቲ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ኢንጌንቲንግ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ምንም። ምንም አልመጣም። ሰገነት፣ ሰገነት፣ ሰገነት ብቻ። ሰዎቹ ተናደዱ፤ ግማሾቹ ወጥተው ሄዱ። ያግ ሪንግዴ ፓፓ፣ ደወልሁለት። አላነሳም።»

ሶረቲ እጇን ያዘቻትና ብዙ ሳታስቸግራት ሸኘቻት።

በማግስቱ ሙፈሪሃት ከቤቷ አልወጣችም። ሰኞ ግን ጣቢያው ሰው ይፈልግ ስለነበር ወደ ሥራ ሄደች። ማታ ከቱነልባናው፣ ከምድር ለምድር ባቡሩ ስትወርድ፣ ሰፈሯ ቴንስታ መውጫው ላይ ሰላምሰገድ ቆሞ አገኘችው። እሱ የሚኖረው በከተማው ሌላ ጫፍ ነው።

«ያቺ ፖሊስ ስለ እኔ ምን ትላለች?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላውቅም።»

«አብረሻት ትቀመጫለሽ። እንዴት አታውቂም?»

ሌላ ሳትናገር ሰው ወደሚበዛበት የገበያ አዳራሽ ገብታ እስኪሄድ ጠበቀች። ቤቷ እንደደረሰች ወንበር ከበሩ እጀታ ሥር ወትፋ ለሶረቲ ደወለች።

«ነገ ከሰዓት ሁላችሁም ስቱዲዮ ትገናኛላችሁ» አለቻት ሶረቲ። «እስከዚያ ለማንም እንዳትከፍቺ።»

ስቱዲዮው ውስጥ የአጥቢያ አዲስ ጌጥ ግማሹ ተሰቅሎ፣ የሰገነት አሮጌው ግማሹ ሳይነሳ ነበር። ሳሌም፣ ሰላምሰገድ፣ ባሕሩና ሙፈሪሃት በእንግዶች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆሙ። ሶረቲ ግን አልተቀመጠችም።

«ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኋችሁ» ብላ ጀመረች። «ሽግግሩን አያችሁ ወይ ብዬ። አቶ ሰላምሰገድ፣ አላየሁም ብለዋል። ጠብ ስለነበራችሁ መጀመሪያ የጠረጠርሁት እርስዎን ነው። ነገር ግን የአጥቢያው ቴክኒሻን ከሽግግሩ በፊት ጀምሮ ፖሊስ ሕንጻው እስኪገባ ድረስ ስልኩን ሳይዘጉ፣ ዲሹን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ እንደነበር አረጋግጦልኛል። ዲሹን ሲያዞሩ የሲግናሉ ለውጥ እሱ ዘንድ ይታያል። ያን ከጣሪያ ሳይወርዱ ካልሆነ ማድረግ አይቻልም።»

ሰላምሰገድ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሳሌም ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ምስክር አላት። እሷም አላየሁም ነው ያለችው። ለምን እንዳላየች ይንገሩን፣ አቶ ሰላምሰገድ።»

«ኬብል ድርጅቱ ነዋ» አለ። «እኛ ብንቀይርም እነሱ በጊዜው አላዞሩም። የድሮውን መስመር ይዘው ቀሩ። ሰዉ አጥቢያን ያየው ከሰዓት በኋላ ነው። ስንብቱም የወጣው በአዲሱ መስመር ስለነበር ማንም አላየውም።»

«ኡፕላንድስ ቬስቢም?»

«የትም። የእኛ ተመልካች ሁሉ በእነሱ በኩል ነው የሚያየን።»

ሙፈሪሃት ወደ ባሕሩ ለመዞር ድፍረት አጣች።

«በኢንተርኔት ነው ያየሁት» አለ ባሕሩ ረጋ ብሎ። «በቴሌቪዥን ያልሁት በልማድ ነው።»

ሶረቲ ሙፈሪሃትን አየቻት። «አንቺ መልሺለት።»

«የኢንተርኔቱ አድራሻ የሰገነት ነበር» አለች። «አርብ ማታ ዘግተውብናል። አዲሱ እስከ ትናንት አልተከፈተም።»

ከፖሊሶቹ አንዱ ወደ ባሕሩ ወንበር ጠጋ አለ።

«ስንብቱ፣ ቀጥሎ የረዘመው ጥቁር፣ ቀጥሎ አጥቢያ» አለች ሶረቲ። «ይህ የታየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጋሽ ቀለመወርቅ በሞቱበት ክፍል ባለው ስክሪን። እርስዎ እዚያ ቆመው ነው ያዩት። ቤትዎ ሲመለሱ ኬብሉ ተስተካክሎ ስለነበር አድማጭ ተመልካቹ ምን እንዳየ አላወቁም። ሕመምተኛ ነኝ ብለው ከፖሊስ በቀር የማንንም ስልክ ስላላነሱም የነገረዎት የለም።»

«ለምን እገድላቸዋለሁ?» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ።

«ጋሽ ቀለመወርቅ አርብ ዕለት ከአዳማ ተደውሎላቸው ነበር። ያን ቁጥር መልሼ ደወልሁ። ትሁት ቸርነት የምትባል ሴት አነሳች። ወንድሟ ባሕሩ ቸርነት ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለ የስደተኞች መጠለያ ወደ ስዊድን የመሄጃ ፈቃድ አገኘሁ ብሎ ከጻፈላት ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ስዊድን ሲገባ ረሳን ብለው ተቀይመውት ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት አጥቢያ ላይ ‹ባሕሩ ቸርነት ከስቶክሆልም› የሚል ማስታወቂያ ሲነገር ሰምታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ፊቱን ስታይ ግን ወንድሟ አይደለም።»

ሳሌም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ወደ ፊት አጎነበሰ። ሲናገር ያ ዝነኛ ድምፅ ቀርቶ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«እንግዳወርቅ ነው ስሜ» አለ። «ባሕሩ ጓደኛዬ ነበር። ጉዞው ሊደርስ ሲል ወባ ገደለው። እኔ ነኝ የቀበርሁት። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ቀረ... ማንም ፎቶውን ልብ ብሎ አላየውም።» ወደ ሳሌም ዞረ። «ጋሽ ቀለመ ቅዳሜ ጠሩኝ። ፖሊስ አልጠራብህም አሉኝ፤ እህቱ ዘንድ ደውልና አንተ ራስህ ንገራት፣ ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ አሉኝ። ማስታወቂያውን ያስቁሙልኝ፣ ሽግግሩን ያዘግዩልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ዓይኔ እያየ ቁልፉን ተጫኑት። ስልካቸውን ሲያነሱ ገፋኋቸው። መግደል አልፈለግሁም።»

«እኔስ?» አለች ሙፈሪሃት። ጥያቄው ሳታስበው ነበር የወጣው። «በሩ ቢከፈትልህስ?»

ቀና ብሎ አያት። ሊመልስላት ፈልጎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ተወው። ያ ዝምታ ከእጀታው ይበልጥ አስፈራት።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሰላምሰገድ ከወንበሩ ተነስቶ ፊቷ ቆመ። «ትናንት ያስደነገጥሁሽ ራሴም ፈርቼ ነው» አላት። «ይቅር በዪኝ።» ራሷን ነቀነቀችለት። ሳሌም ተጠግታት ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

በሳምንቱ መጨረሻ ሙፈሪሃት ቢሮዋ ብቻዋን ሳለች ስልኩ ጠራ። የደዋይዋ ድምፅ ሩቅ ነበር።

«ትሁት ነኝ፣ ከአዳማ። ፖሊሷ ሰውየው እንደተያዘ ነገረችኝ። ስለ ወንድሜ ስጠይቃት ግን እንዳጣራን እንደውላለን አለችኝ። እናንተ አታውቁም? ባሕሩ የት ነው ያለው?»

ሙፈሪሃት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ተሰብስበው በር የሚያንኳኩ ጎረቤቶች፣ አብረው የሚያለቅሱ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

«እህቴ» አለች፣ «አሁን ከጎንሽ ማን አለ?»

«ብቻዬን ነኝ። ለምን?»

«አንድ ትልቅ ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ ጥሪና ስጪኝ።»

ከዚያ ትሁት ስልኩን ሳትዘጋ የሆነ ቦታ ስታስቀምጠው ተሰማ። ቀጥሎ በር ሲከፈት፣ ቀጥሎም የጎረቤቷን ስም ስትጣራ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ግን ድምፅዋ እየተሰበረ። ሙፈሪሃት ጎረቤቶቹ እስኪደርሱ ድረስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች።