የሁለት እህቶች ብልቃጥ

ልብስ ሰፊዋ በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ባሏ፣ አናጢው፣ ላቦራቶሪው ድረስ ሄዶ ጠረጴዛ ደበደበ።

«ሚስቴን የገደላችኋት እናንተ ናችሁ!»

ሁለት ወረቀት ይዟል። አንደኛው ከሞቷ አሥራ አንድ ወር በፊት የደረሳት የምርመራ ውጤት ሲሆን፣ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ አልተገኘብሽም ይላል። ሁለተኛው፣ የሆስፒታሉ፣ የገደላት የማህፀን በር ካንሰር እንደሆነና በዕጢው ውስጥም ዓይነት 16 ቫይረስ እንደተገኘ ይናገራል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የሙያ ፈቃድ በዚያው ቀን ታገደ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ፍርድ ቤት ይጠብቃታል።

ጉዳዩን እንድታጣራ የተላከችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለችና።

«ብልቃጥ ተቀያይሮብሽ ይሆን?» አለቻት ባለሙያዋን።

«እንጃ! በዚያን ቀን አርባ ብልቃጥ ሠርቻለሁ። እጄን ማመን አቅቶኛል።»

ወንፊቷ መዝገቡን ገለጠች። የሟቿ መስመር ላይ ዓይነት 6 እና 42 ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው መስመር የታናሽ እህቷ ነው። እሱም 6 እና 42።

«እነዚህ ምን ያመጣሉ?»

«ቢያመጡ ኪንታሮት ነው። ቫይረሱ ከመቶ በላይ ዓይነት አለው፤ ክፉዎቹ ጥቂት ናቸው። ከክፉዎቹም 16 እና 18 ይብሳሉ።»

«16 አምና ይዞ ዘንድሮ ይገድላል?»

«ኧረ የለም! ካንሰር እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፤ አሥርም አሥራ አምስትም።»

መርማሪዋ አርባውን መስመር በጣቷ አንድ በአንድ ወረደች። ከዚያ መዝገቡን ዘግታ ወደ ሟቿ ቤት ሄደች።

ታናሽ እህት ጨርቅ ከለበሰው የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ናሙናውን የት ሰጣችሁ?»

«እዚሁ። ጤና ጣቢያው ለየራሳችን ብልቃጥና ብሩሽ ሰጥቶን፣ ናሙናውን በብሩሹ ራሳችን ወስደን ብልቃጡን መለስን።»

«ማን ቀደመ?»

«እኔ... አይ፣ እሷ።»

«አመማት?»

«ምንም አላለች።»

አናጢው ከበሩ ሆኖ ሳቀ። «እሷ? መርፌ ጣቷን ሲነካት ሰፈር የምትቀሰቅሰዋ?» ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ።

መርማሪዋ የሟቿን የስፌት ሳጥን አስከፈተች። ከክሮቹ ሥር ያገኘችውን ትንሽ ነገር ኪሷ ከታ ወጣች።

በማግስቱ ሦስቱንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቿ 16 የያዛት ከብዙ ዓመት በፊት ነው» ብላ ጀመረች። «ናሙናዋ እዚህ ደርሶ ቢሆን መዝገቡ ላይ 16 ይገኝ ነበር። ተቀያይሮም ቢሆን የእሷ 16 ሌላ ሴት መስመር ላይ ይወጣል። ከአርባው አንዱም ላይ የለም።»

«እና የት ገባ?» አለ አናጢው።

«ናሙናዋ ከቤት አልወጣም። ከእህቷ ጋር አንድ ዓይነት ጥንድ የተገኘው ለዚህ ነው።» ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ማሸጊያው ያልተቀደደ ብሩሽ። «ሁለቱም ብልቃጥ የተሞላው በአንድ ብሩሽ፣ ከአንድ ሰው ነው።»

ታናሽ እህት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እናታችንን የገደላት ይሄው በሽታ ነው። ‹አለብሽ ካሉኝ በድንጋጤ እሞታለሁ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ላሳርፋት ብዬ ነው።»

«ሲደማት ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት» አለ አናጢው፣ «ያንን ወረቀት ነበር የምታሳየኝ። አንቺም አጠገቧ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

መርማሪዋ የታገደውን ፈቃድ ለባለሙያዋ ዘረጋችላት። «ብልቃጥ አላቀያየርሽም። ነፃ ነሽ።»

ባለሙያዋ እጇን አላነሳችም።

«ያን ጊዜ አይቼዋለሁ» አለች። «ሁለት መስመር ላይ ያው ጥንድ። ቆም አልኩ። ከዚያ ‹እህትማማች ናቸው› ብዬ አለፍኩት። ቫይረስ በዘር እንደማይወረስ እያወቅኩ! አንድ ስልክ ብደውል ይበቃ ነበር።»

«ብትደውዪ ትድን ነበር?» አለ አናጢው።

«ምናልባት።»

ሰውየው ደጋግሞ የደበደበውን ጠረጴዛ አየ፤ ከዚያ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸሸጋቸው። ፈቃዱ በመርማሪዋ እጅ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ።