መርዶ ያልገባበት ቤት

የፈጠራ ወሬ ነው የሚል ካለ አልቀየመውም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። የሻለም ግን ዛሬም በሕይወት አለች፤ ይህን ያወራችልኝ እሷው ናት።

ጊዜው ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው መካነ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የየሻለም ኮምፒውተር ቤት።

ጉሙ ደጅ የቆመ ሰው አያሳይም ነበር...

አህመዲን ላፕቶፑን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እህቱ ፈርሂያ ለእናቷ ከሪያድ የላከችው ነው። ቫይረስ በልቶት አልነሳ ካለ ሰንብቷል።

"ፈርሂያ..." አለና ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። "ሞታለች።"

የሻለም ክው አለች። ከፈርሂያ ጋር በአንድ ወንበር ነው የተማሩት።

"እናትህስ?"

"ቀስ በይ! አልሰማችም። አጎቶቼ ከደጎሎ እየመጡ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ያረዷታል።"

ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

"ሬሳዋ አይመጣም፤ እዚያው ተቀብራለች። እዚህ ውስጥ የቀዳችው ድምጿ አለ። እሱን አውጪልኝ። ለእናቴ ሌላ ምን አለኝ?"

ይህን ብሎ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ።

ባትሪው አብጦ ነበር። የሻለም አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና ላፕቶፑን በቻርጀር ብቻ አስነሳችው። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የጫነችበትን ፍላሽ ሰካች። የታመመ ኮምፒውተር በዚያ ፍላሽ ይነሳል፤ ውስጡ ያለው ይወጣል፤ ከዚያ አዲሱ ሲስተም ይጫናል። ስንቱን አድናበታለች።

የፈርሂያን ቅጂ አገኘችው። ከፈተችው።

ድምፅ የለውም።

ጆሮዋን አስጠጋች... ከዝምታው ሥር የሆነ ሰው ይተነፍሳል።

የተበላሸ ይሆናል አለች ለራሷ። ለማንኛውም ገልብጣ አስቀመጠችውና ሊኑክሱን መጫን ጀመረች።

የሚኖሩበትን አገር በካርታ የሚያስመርጠው ገጽ መጣ። ነጥቧ ሪያድ ላይ ቆማለች።

ወደ ኢትዮጵያ አመጣቻት።

ነጥቧ ተመልሳ ሪያድ ሄደች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። የፈርሂያ እናት፣ እትዬ ኡምኩልሱም ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያወቀውን እሳቸው አያውቁም።

"እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? ፈርሂያዬን አገኘሻት ወይ?"

ምን ትበል? መርዶ ሳይነገር የሞተ ሰው እንዳለ ሰው ነው የሚወራለት። ወጉ ነው። እሷም ወጉን አደረሰች።

"አብሽሩ እትዬ። ደኅና ናት። እንዲያውም... እየመጣች ነው አሉ።"

"ጀሊሉ ደስ ያሰኝሽ!"

መብራት ድርግም አለ።

ቤቱ ጨለመ... ላፕቶፑ ግን አልጠፋም።

የሻለም መስኮቱን አየች። ባትሪው እዚያው ተቀምጧል።

ስክሪኑ ላይ ነጥቧ መንቀሳቀስ ጀምራለች። ማንም አልነካትም። ከሪያድ ተነሳች። ባሕሩን ተሻገረች... ቀስ እያለች፣ የእግረኛ አካሄድ እየሄደች።

ወሎ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ገጹ ተቀየረ። አሁን የባለቤቱን ስም ይጠይቃል። በባዶው ቦታ ፊደል በፊደል ተጻፈ።

ፈ... ር... ሂ... ያ...

የሻለም ፍላሹን ነቀለችው። ምንም አልተለወጠም።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ ኡምኩልሱም። ማንበብ አይችሉም።

የሻለም ስክሪኑን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ላፕቶፑን አነሱት፤ ቻርጀሩ ተነቅሎ ወደቀ። ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

"ይሞቃል" አሉ በሹክሹክታ። በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አዝለውት ጉሙ ውስጥ ገቡ።

የሻለም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም።

ጎህ ሲቀድ ከደጎሎ መጥተው ጎረቤት ያደሩት ሽማግሌዎችና አህመዲን ከእትዬ ኡምኩልሱም ቤት ደጅ ቆሙ። የሻለምም ባትሪውን በእጇ ጨብጣ ከኋላ አለች።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከቤት ውስጥ የሴት ልጅ ድምፅ መጣ።

"እማ... ሰው መጥቷል።"

አህመዲን ግድግዳውን ያዘ። የእህቱን ድምፅ የት ያጣዋል?

ሽማግሌው ግን አላወቃትም። "እናትሽን ጥሪልን" አለ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ ኡምኩልሱም ጀሪካን ሙሉ ውኃ አዝለው፣ ከጉሙ ውስጥ እየሳቁ ብቅ አሉ። ከእሳቸውና ከአህመዲን በቀር በዚያ ቤት የሚኖር ሰው የለም።

"ምነው ደጅ ቆማችሁ?" አሉ። "አብሽሩ፣ ልጄ ትከፍትላችኋለች።"

የመርዶው ቃል ከሽማግሌው አፍ ላይ ቀረ።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተንቀሳቀሰ...