ብድግ ያለው ጅቡቲያዊ

ርክክቡ የሚደረገው ሰዉ ሲስቅ ነው።

ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ትንሽ ሲኒማ ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሠላሳ የማይሞላ ሰው ይዛለች። ፊልሙ በፈረንሳይኛ የተሠራ ነው። ሚኒስትሩ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሞቷል፤ ባልደረቦቹ ግን ዝምታውን ብስለት ብለው ሹመት ይጨምሩለታል። ሬሳው ቃለ መሐላ ሲፈጽም አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ያኔ አድራሻ የያዘው ፍላሽ እጅ ይለውጣል።

ሙኒብ አልሳቀም። መሳቅ ከተወ ቆይቷል።

የምስጢር ስሙ ድንቢጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ኮከብ የምታውቀው ግን ሙሳ ብላ ነው፤ ፈረንሳይኛ የሚተረጉምላት፣ አማርኛ የሚባል የማይገባው ጅቡቲያዊ። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱ ላይ እንደልቧ አወራች። እሱም ሰማ።

ዛሬም ለሰዎቿ በስልክ አወራች። «ፍላሹ ከፋንዲሻው ካርቶን ሥር ተለጥፏል። አድራሻዋ ከደረሰን ዛሬውኑ እንጨርሳታለን።»

የምትጨርሳት ሴት ሄራን ናት፤ የፊልሙ ደራሲ። የፊልሙ ሬሳ ማንን እንደሚያመለክት አገር ቤት ያሉ ሹማምንት ገብቷቸዋል። እነሱም አልሳቁም፤ ኮከብን አዘዙ። የሙኒብ ቡድን ሎውሪ ሰፈር ደብቋታል፤ ቤቷን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው። አድራሻውን ከአለቃው ማን ሰረቀ? ሙኒብ ሌባውን ለማየት ጓጉቶ ነበር። አለቃው ግን «ዛሬ ሞንትቤሎ ሰፈር ሆነህ ጠብቅ» ብለውት ነበር፤ ኮከብ ድንገት ስትጠራው እምቢ ማለት አልቻለም።

በሩ ተከፈተ። አንድ አዛውንት ፋንዲሻ ታቅፈው ገቡ።

ጋሽ ፍቅረየሱስ።

አለቃው። ሥራውን ያስተማሩት፣ አባቱ ሲሞት ሦስት ቀን አብረውት የተቀመጡ ሰው።

በወንበሮቹ መሃል ሊያልፉ ቀረቡ። ምላሱን ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ጉልበቱን መጠበቅ ረስቶ ነበር።

ብድግ አለ።

«ኖር፣ ጋሼ!»

«በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ አዩት። ካርቶኑን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

ኮከብ ቀስ ብላ ዞረች። «ወይ ጉድ! ሙሳዬ፣ ኖር ማለት ጅቡቲ ነው የተማርከው?»

ሽጉጧ ጎኑን ነካው።

ሬሳው ቀኝ እጁን አነሳ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሙኒብ ካርቶኑን ነጠቀ፤ ፋንዲሻውን ፊቷ ላይ በተነው፤ በጎን በር ወጣ። «ልጄ፣ አትተወኝ!» የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

አልዞረም።

ፍላሹ እጁ ገብቷል። አድራሻው ግን ሽማግሌው ጭንቅላት ውስጥም አለ፤ ኮከብ ደግሞ ሰው ማናዘዝ ታውቅበታለች። ደወለ።

«ሄራን፣ አሁኑኑ ውጪ። ምንም አትያዢ።»

«ለጋሽ ፍቅረየሱስ ሳልነግራቸው?»

«ጋሼ የሉም።»

አለቀሰች። እሱ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ነበር። ማዘን እንዳለበት ያውቃል፤ ሀዘኑ ግን አልመጣም።

የኮከብ ሰዎች ሎውሪ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ተናግረዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ሙኒብ ሽኩር በሚል አዲስ ስም አውሮራ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ ምርኩዝ የያዙ አበሻ አዛውንት አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ባዶ ወንበር የለም። ፊቱ ቆመው ብረቱን ያዙ።

ጉልበቱ ሊነሳ ቃጣው። በመዳፉ ተጫነው። መስኮቱን እያየ ተቀመጠ።

አዛውንቱ ትንሽ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ የእኛ አገር ሰው መስሎኝ ነበር» አሉ ለራሳቸው።